መርዶና የጥንቸል ጆሮ

ሰው «ምንም የለም፣ ሁሉ ሰላም ነው» ሲላችሁ ምን ይሰማችኋል? እኔ እደነግጣለሁ። ሌላ አገር ያለ ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ብሎት ስልኩን ይዘጋል። የቦንጋ ልጅ ግን «ሁሉ ሰላም ነው» ሁለት ጊዜ ከተደገመለት ሻንጣውን ይፈልጋል።

አጋነንክ እንዳትሉኝ። እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። መርዶ ወግ አለው። ጎሕ ሲቀድ ነው፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው፣ ወገቡን የሚይዘው ዘመድ አጠገቡ ቆሞ ነው ሰው የሚረዳው። ባሕር ማዶ ያለ ሰውማ ጭራሽ አይረዳም። «ብቻውን ነው፣ ምን ይውጠዋል?» ይባልና ሟቹ በሕይወት እንዳለ ሆኖ ይቆያል። አንድ የማውቀው ሰው አባቱ ካረፉ በኋላ ለበዓል ለበዓል የበግ መግዣ ሲልክላቸው ኖሯል። አባትየውም በእህቱ አፍ «ደርሶኛል ልጄ፣ ተባረክ» ሲሉት ከርመዋል። ታዲያ ይህን እያወቅኩ እንዴት አድርጌ ልተኛ?

ለመሆኑ የት ሆኜ ነው? ቬትናም። ለምን? እንግሊዝኛ ላስተምር። አትሳቁ። እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር። ቦንጋ ላይ በአንድ ክፍል ታጭቀው ለተቀመጡ ተማሪዎች እንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬ፣ አንድ ቀን ኢንተርኔት ላይ ማስታወቂያ አየሁ፣ አመለከትኩ፣ ተቀበሉኝ። በቃ። እናቴ «እነሱ አገር እንግሊዝኛ የሚያውቅ ጠፍቶ ነው ከካፋ የሚወስዱት?» ብላ ነበር። ጥያቄው ዛሬም መልስ አላገኘሁለትም።

የቀጠረኝ ትምህርት ቤት በየመንገዱ ቅርንጫፍ ያለው ነው። ስሙን ልተወውና፣ አንዱን ቅርንጫፍ ያየ ሁሉንም አይቷል። ግድግዳው ያው ቢጫ፣ ወንበሩ ያው ወንበር፣ መምህሩ የሚናገረው እንኳ ያው ነው። ከላይ ተጽፎ ይመጣል። «እዚህ ጋ ፈገግ በል» የሚል ትእዛዝ አለበት፣ እውነቴን ነው! ልጆቹ ሲንጫጩ የምንጮኸውም ተወስኖልናል፦ «ዋን፣ ቱ፣ ስሪ፣ አይስ ኦን ሚ!» ዓይናችሁን ወደ እኔ እንደማለት ነው። ከዚህ ሌላ መጮኽ ክልክል ነው። እኔ ደግሞ ያንን ቃል በቀን ስንቴ እንደምጮኸው ጉሮሮዬ ይመስክር።

ቅዳሜና እሑድ ሌላ ሥራ አለ። የትምህርት ቤቱ ምልክት ጥንቸል ነች። አንዱ መምህር በተራ የጥንቸል ልብስ ይለብስና ትልቁ የገበያ ሕንፃ በር ላይ ቆሞ ለወላጆች ወረቀት ያድላል። ተራ ሲባል እንግዲህ በወረቀት ላይ ነው። ቅዳሜ ሲደርስ የሌሎቹን መምህራን ወገብ ያማቸዋል። የእኔን ወገብ ማን ጠይቆት? ጠጉራም ልብስ፣ የበርሜል ያህል ጭንቅላት፣ እንደ እንሰት ቅጠል የቆመ ጆሮ። ሙቀቱ ደግሞ አይነገርም። ግን ሥራ ነው። ሕፃናቱም ይወዱኛል፤ መጥተው እግሬን ያቅፋሉ።

ወደ ስልኩ ልመለስ። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። እናቴ ከእህቴ ከመሠረት ጋር ቦንጋ ትኖራለች። ማንኪራ ላይ የቡና ማሳ አለችን። በየእሑዱ እደውላለሁ፤ እናቴ ስልኩን ከመሠረት ትነጥቅና ቬትናም ድረስ እንዲሰማ ብላ ትጮኻለች። ስልኩ ባይኖርም የምሰማት ይመስለኛል።

አንድ እሑድ ደወልኩ። መሠረት አነሳች። እማዬስ? ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ደግ። በሚቀጥለው እሑድ ደወልኩ። እማዬስ? ቡናውን ልታይ ማንኪራ ወርዳለች። ይሁን። ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ ተኝታለች አለችኝ። በቀን! እናቴ በጠራራ ፀሐይ ተኝታ አታውቅም፤ የተኛ ሰው ስታይም ደስ አይላትም። ቀስቅሻት አልኩ። «አይ፣ ትረፍ» አለችኝና «ሁሉ ሰላም ነው፣ ምንም የለም፣ አንተ ብቻ ራስህን ጠብቅ» ብላ ዘጋችው። መሠረት የዞን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ሪፖርት ስታስተካክል ድምፅዋን አውቀዋለሁ። ይህ የሪፖርት ድምፅ ነበር።

ማግስቱን አጎቴ ጋሽ ሀብቴ ደወለ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። በሕይወቱ ደውሎልኝ አያውቅም፤ ሲናፍቀኝ ሚስኮል ነው የሚያደርገው። አሁን ግን ራሱ ደወለ፣ ራሱ ከፈለ። ይህ ብቻ አይበቃም? «እንቅልፍ ትተኛለህ ወይ?» አለኝ። «እህል ይበላልሃል?» «አጠገብህ የአገር ሰው አለ?» እያለ ጠየቀኝ። የአገር ሰው የለም ስለው ተነፈሰ። «ብቻህን አትሁን። ጸልይ። ምንም ቢመጣ የእኛው ልጅ ነህ» አለና ድምፁ ተሰበረ።

እማዬ ሞታለች። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ አለ? የአገር ሰው አጠገብህ አለ ወይ የሚባለው ሊረዱህ ሲሉ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ቁጭ ብዬ ግድግዳውን ሳይ አነጋሁ። ጠዋት ፈቃድ ጠየቅኩ፣ ሰጡኝ፣ ለማንም ሳልናገር ተነሣሁ።

አውሮፕላን ላይ አልቅሳችሁ ታውቃላችሁ? አይመከርም። እኛ ጮኸን፣ ደረታችንን መትተን ካልሆነ አይወጣልንም። እዚያ ደግሞ ቀበቶ አስረውሃል። ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ፊልም እያየ ይንከተከታል። እኔ ብርድ ልብሱን ተከናንቤ እነክሳለሁ። አስተናጋጇ መጥታ ዶሮ ወይስ ዓሣ ስትለኝ «እናቴ» አልኳት።

ጅማ አድሬ ጠዋት የቦንጋ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ገና ቁጭ ከማለቴ ጋሽ ሙዘይን ገቡ። ጋሽ ሙዘይን ቦንጋ ገበያ ላይ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው፤ የአባቴ ወዳጅ ነበሩ፣ ከልጅነቴ ያውቁኛል። ከጅማ ዕቃ ጭነው ሊመለሱ ነው። እኔን ሲያዩ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ረዳቱ ግቡ እንጂ እስኪላቸው ድረስ አልተንቀሳቀሱም።

አሁን ልብ በሉ። ከቬትናም ድንገት የመጣ ሰው ስታዩ ምን ትላላችሁ? እንዴት መጣህ? መቼ ገባህ? አትሉም? ጋሽ ሙዘይን አንዱንም አላሉም። አጠገቤ ተቀመጡና እጄን ያዙ። ከመስኮቱ ዳር አስነሥተው ወደ መሀል አዛወሩኝ። ወርደው የሆነ ቦታ ደወሉ፤ ሲመለሱ ሙዝ ገዝተውልኛል። ልጠው በእጄ አስያዙኝ። «ብላ ልጄ፣ አይዞህ» አሉኝ። አይዞህ! መርዶ የሚደርሰው ሰው ከመስኮት ይርቃል፤ ራሱን ቢወረውርስ?

ወደ ጎጀብ ቁልቁለቱን ስንወርድ ስልካቸው ጠራ። ፊታቸውን ወደ ፊተኛው ወንበር ደፍተው፣ አፋቸውን በእጃቸው ከልለው አነሱት። ሚኒባስ ውስጥ ሚስጥር ያወራ ሰው አለ? ሁሉን ሰማሁት። «አዎ፣ ከእኔ ጋር ነው። እስካሁን ደህና ነው። የለም፣ የለም፣ ምንም አላልኩትም። ሰው ሰብስቡ። ጎበዝ ጎበዝ የሆነ ሰው።»

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ጋሼ፣ እናቴ አለች ወይ አልኳቸው። አዩኝ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «ኧረ አለች! ለምን አትኖርም? ማንም አልሞተም» አሉና ሌላ ሙዝ ላጡ። እናንተ ብትሆኑ ታምኑ ነበር? ጎጀብን ተሻገርን፣ ዳገቱን ወጣን፣ ደኑ መጣ፣ ጭጋጉ መጣ። ሌላ ጊዜ ያንን ደን ሳይ ደረቴ ይከፈታል። ያን ቀን ግን ዛፉ ሁሉ ቆሞ የሚያውቀውን የሚደብቀኝ መሰለኝ።

ቦንጋ ስንደርስ ጋሽ ሙዘይን ዕቃቸውን እንኳ ሳያወርዱ እኔን ይዘው ባጃጅ ውስጥ ገቡ። የልብስ ነጋዴ ዕቃውን ትቶ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ወደ ሰፈራችን ስንታጠፍ አየሁት። በራችን ላይ አግዳሚ ወንበር ወጥቷል። የእድሩ አግዳሚ ነው፤ አውቀዋለሁ፣ አባቴን የቀበርን ጊዜ የተቀመጥኩበት ነው። ወንዶች ጋቢ ለብሰው ተሰልፈው ተቀምጠዋል። ጋሽ ሀብቴ መሀል ላይ ነው። እኔን ሲያዩ ሁሉም በአንዴ ተነሡ።

አለቀ። ባጃጁ ሳይቆም ዘለልኩ። ሻንጣዬን ጣልኩት። «እማዬ! እማዬ! ሳላይሽ!» ብዬ ጮኽኩ። መንገዱን ሙሉ አፍኜ የያዝኩት በአንዴ ወጣ። ደረቴን መታሁ። መሬት ላይ ልፈርጥ ስል ወንዶቹ ደረሱና አራት ሆነው ያዙኝ። ጋሽ ሀብቴ ከኋላ ወገቤን ጨመቀ። «ማንም አልሞተም! ተረጋጋ! ማንም አልሞተም!» ይላል፣ እንባው ይፈሳል። እያለቀሰ ማንም አልሞተም የሚል ሰው እንዴት ይታመናል?

በዚህ መሀል እትዬ ዘነበች ከገበያ ስትመለስ ደረሰች። ጎረቤታችን ናት። ልቅሶ ላይ የእሷን ያህል ድምፅ ያለው ሰው ሰፈራችን ውስጥ የለም። ጩኸቴን ሰማች፣ ዘንቢሏን ጣለች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ «ወይኔ! ወይኔ!» ብላ ተቀበለችኝ። የእሷን ድምፅ የሰሙ ሴቶች ደግሞ ከየጓሮው ወጡ። እኛ ዘንድ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ከዚያ ማን እንደሞተ ይጠየቃል። ቅደም ተከተሉ እንዲያ ነው፤ እየጠየቁ ማልቀስ ነውር ነው። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጥሩምባውን በብብቱ ይዞ እየሮጠ መጣና ስም ንገሩኝ፣ የማንን ልበል እያለ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራል። ሁሉም ትከሻውን ይነቀንቅለታል። አንዷ ሴት እትዬ ዘነበችን ማን ነው የሞተው ብላ ጠየቀቻት። «እኔ ምን አውቄ! እሱ ሲጮኽ ሰምቼ ነው» አለችና ቀጠለች።

እኔ ግን የምሰማው አልነበረም። እናቴን አሳዩኝ እያልኩ እታገላለሁ። ጋሽ ሀብቴ ወደ ጋሽ ሙዘይን ዞረ። በዓይን ተነጋገሩ። «እሺ» አለኝ፣ እንደ ሕፃን አባብሎ። «እናትህ ዘንድ እንወስድሃለን። አሁኑኑ።»

ባጃጁ ወዴት የታጠፈ ይመስላችኋል? ወደ ቤተ ክርስቲያኑ። አባቴ ወደተቀበረበት። በአንድ ጎኔ ጋሽ ሀብቴ፣ በሌላው አንድ ደልዳላ ጎረቤት፣ እኔ መሀል። ከኋላ ሰፈሩ በሙሉ በእግር ይከተላል፤ እትዬ ዘነበች ከፊት ሆና ታስለቅሳለች። ዝም ብዬ ነበር። ለቅሶው አልቆብኝ ሳይሆን አንድ ሐሳብ ይዞኝ ነው፦ የመጨረሻ ስልኳ ላይ ምን አልኳት? አሁን ሥራ አለብኝ፣ ኋላ እደውላለሁ ነው ያልኳት። በዚያ ነው የተለያየነው። ይህን ተሸክሜ እንዴት ልኖር ነው?

ቅጥር ግቢው ገባን። ከበሩ ብዙም ሳንርቅ አፈሩ ገና ያልደረቀ መቃብር አለ። አየሁት። ከእጃቸው ፈትለክ አልኩና በደረቴ ተደፋሁበት። አቀፍኩት፣ ሳምኩት፣ ይቅር በይኝ አልኩት። ጋሽ ሀብቴ መጥቶ በኮሌታዬ ሳበኝ። «ተነሥ! ተነሥ እንጂ! የሰው ነው!» የማን አልኩት። «የሌላ ሰው ነው! አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ናቸው!» ተነሣሁ። አፉ ሁሉ አፈር የሆነ ሰው ምን ይላል? ነፍስ ይማር አልኩ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ መንገዱ ወደ ታች፣ ወደ ምንጩ ይወርዳል። ጸበል ነው። ዛፍ ሥር ሰዎች ተቀምጠዋል። ከመሀላቸው አንዲት ሴት ተነሣች። ነጠላዋ ረጥቦ ትከሻዋ ላይ ተለጥፏል። ከስታለች። እናቴ ናት።

ምን ብዬ ልንገራችሁ? ደስ አለኝ ማለት አይበቃም። እሷ ነች የሮጠችው። ደረሰችና ላቅፋት እጄን ስዘረጋ፣ በሁለት እጇ ጭንቅላቴን ያዘች። ከዚያ ጆሮዬን ዳሰሰች። ግራውን ዳሰሰች፣ ቀኙን ዳሰሰች፣ ሳብ ሳብ አደረገችው። እናቴ ሲጨንቃት አማርኛው ይጠፋትና ወደ ካፊኖኖ ትመለሳለች፤ በካፊኖኖ ፈጣሪዋን አመሰገነች። ጆሮዬ የሰው ጆሮ ስለሆነ።

ጋሽ ሀብቴ ያን ጊዜ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። እኔ ነኝ። ገበያ ማዕከሉ በር ላይ፣ ከአንገት በታች ጥንቸል፣ የጥንቸሏን ጭንቅላት በብብቴ ይዤ፣ ላቤ እየወረደ ለሕፃናት ጥርሴን እያሳየሁ። ትምህርት ቤቱ ፌስቡክ ላይ ለጥፎት ነው። ቦንጋ አንድ ሰው አየው። ቦንጋ አንድ ሰው ያየውን ደግሞ ማን ሳያየው ይቀራል? መሠረትን መሥሪያ ቤቷ ውስጥ አሳዩአት። ጋሽ ሀብቴን ገበያ መሀል አሳዩት። «ዲግሪ ያለው ሰው፣ በአደባባይ፣ አውሬ ለብሶ ይስቃል? በጤናው?» አለኝ። ልጁ ለብቻው ሆኖ አእምሮው ተነካ ተባለ። ለእናቴ ደረሰ። እናቴ ልጄ በሰላም አገሩ እስኪገባ ብላ ተሳለች፣ ጸበል ገባች፣ ስልክም ላትነካ ማለች። መሠረት ደግሞ ያመመው ሰው እንዳይባባስበት ብላ ሁሉ ሰላም ነው ትለኛለች።

እኔ እናቴ ሞታለች ብዬ ስመጣ እነሱ ያበደው ልጅ መጣ ብለው ጠበቁኝ። ከመስኮት ያራቁኝ፣ ሙዝ የላጡልኝ፣ በአራት ጎበዝ ያስያዙኝ ለዚያ ነው። አያያዙ አንድ ሆኖ ነው እንጂ እኔም ሞኝ ሆኜ አይደለም። ሐዘንተኛንና እብድን አገራችን የሚያቅፈው በአንድ እቅፍ ነው።

አስረዳሁ። ሥራ ነው አልኩ፣ ማስታወቂያ ነው አልኩ፣ ሁሉም በተራ ይለብሳል አልኩ፤ ወገባቸውን ስለሚያማቸው ግን አልተናገርኩም። ሕዝቡ በጥሞና ሰማኝ። እናቴ ራሷን ነቀነቀች። «በግ ቢያደርጉህ እንኳ ምን ነበረበት?» አለች። «ጥንቸል? የማይበላ?» ጋሽ ሀብቴ ወደ ጎን ሳበኝና ለመልበሱ ይከፍሉሃል ወይ አለ። አዎ አልኩት። አሰበ፣ አሰበ። «ሌላ ሰው አይፈልጉም?»

ካህኑ እየሳቁ ልጁ ጤነኛ ነው፣ ይዛችሁት ሂዱ አሉ። እናቴ ግን ስለቷ ስለት ነው፤ ከመጣ አይቀር ይጠመቅ አለች። እምቢ ልበላት? ከሞት ለተመለሰች እናት? ልብሴን አውልቄ ውሃው ሥር ቆምኩ። የቦንጋን ምንጭ የማያውቅ አይፍረድብኝ። ያ ብርድ ሲወርድብኝ ትንፋሼ ተቆረጠ፣ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ አፌ ተከፈተና «ዋን፣ ቱ፣ ስሪ! አይስ ኦን ሚ!» ብዬ ጮኽኩ። ጸጥ አለ። ጸበልተኛው በሙሉ ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ የታዘዘልኝ ክፍል የለም። አንዲት ባልቴት «በእንግሊዝኛ ለፈለፈ!» ሲሉ ሕዝቡ በጉልበቱ ተንበረከከ። ካህኑ «ኧረ ብርዱ ነው፣ ልብስ አቀብሉት» ባይሉ ኖሮ እስከ ዛሬም እዚያው ነበርኩ።

ቤት ገባን። ሰላም ሆነ። እናቴ ከሳች እንጂ ደህና ናት፤ መጮኽም ጀምራለች። የቡናው ለቀማ ደርሷል፣ ሰው የለም፣ እኔ ደግሞ ሂያጅ ነኝ። ከቀናት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጠን፣ እሷ ሰፌድ ላይ ቡና ትለቅማለች፣ ስልኬ ጠራ። የቬትናሙ ሥራ አስኪያጅ ነው። በቪዲዮ። አነሳሁት። ቢጫ ሸሚዙን ለብሶ ቆሟል። ከኋላው መምህራኑ ተሰልፈው አንገታቸውን ደፍተዋል።

ይህን ሳልነግራችሁ ቀረሁ መሰለኝ። ያ ትምህርት ቤት ያለ ምክንያት ፈቃድ አይሰጥም። የሐዘን ፈቃድ አለ። እናቴ የሞተች ይመስለኛል የሚል ፈቃድ ግን የለም። ሞታለች ነው ያልኳቸው። ያን ጊዜ እውነት ነበር፤ ቢያንስ ለእኔ። አሁን ይኸው ሊያስተዛዝኑኝ ቆመዋል።

እናቴ አንገቷን አስግጋ ስክሪኑ ውስጥ ገባች። ሥራ አስኪያጁ ማን ናቸው አለኝ። አክስቴ ናቸው አልኩት። እናቴ ለሁሉም እጅ ነሳች። «ምን ሆነው ነው አንገታቸውን የደፉት?» አለችኝ።

ምን ልበላት? ለቀባሪው አረዱት ይባላል፤ እኔ ለራሷ ለሟቿ አረዳሁ። እያዘንኩ፣ እያፈርኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኳት። አንቺ ሞተሽ ነው እማዬ፣ ለአንቺ ነው የሚያዝኑት አልኳት። ትጮኽብኛለች ብዬ ትከሻዬን አጠበቅኩ።

አልጮኸችም። ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች። የተሰለፉትን ሰዎች አንድ በአንድ አየቻቸው። «በምን ሞተች አሉህ?» አለች። አልጠየቁኝም አልኳት። ይሄ ነው የከፋት። «አልጠየቁህም? ሰው ሲሞት በምን አይባልም?» ጣቷን ለመቁጠር ዘረጋች። «ስንት ቀን ሰጡህ?» ሳምንት አልኳት። «ለእናት? ሳምንት? አርባስ?» አርባ የሚባል አያውቁም አልኳት። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ወደ ስልኩ ቀረብ አለች፣ ፊቷን አጠቆረች።

«በለው፣» አለችኝ፣ «በአገራችን ልጅ የእናቱን አርባ ሳያወጣ የትም አይሄድም። ቡናውም እስከዚያ ተለቅሞ ያልቃል።»

የመጀመሪያውን ተረጎምኩለት፤ የቡናውን ተውኩት። ሥራ አስኪያጁ ባህላችሁን እናከብራለን አለ፣ እንደገና አንገቱን ደፋ። ይኸው ማንኪራ ነኝ። እናቴን እያዘንኩ ቡና እለቅማለሁ፤ ሟቿ ከኋላዬ ቆማ «ቀዩን ብቻ! አረንጓዴውን አትንካ አላልኩህም?» እያለች ትጮኽብኛለች።